«ዝም ብላችሁ እዩ» ለሚሉን

በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ክስ ተከትሎ ይመጣል። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የእንቁጣጣሽን፣ የገናን፣ የፋሲካን የመድረክ ዝግጅት በቀጥታ ያስተላልፋሉ። ባንዱ ይመታል፣ ተወዛዋዡ ይወጣል፣ በዘፈን መሀል ጭውውት ይገባል፣ አንዳንዴም በዜማ የተሠራ ሙዚቃዊ ድራማ ይቀርባል። በማግስቱ የሚወራው ግን ስለ ዜማው ወይም ስለ ትወናው አይደለም። ስለ ተመልካቹ ነው። ያለ ቦታው እልል አለ፤ ሰው ሲሞት ሳቀ፤ ተዋናዩን በስሙ ጠራ፤ «ይደገም!» ብሎ ታሪኩን አቋረጠ። ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሕዝባችን ገና ማየት አልተማረም።»

ይህ ፍርድ ከአዲስ አበባ አዳራሾች ተነሥቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ይከብዳል። ፎንቆ በሀዲያ ዞን የአና ሌሞ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ቲያትር ቤት የላትም። መድረክ የምናየው በቴሌቪዥን ነው፤ በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱ፣ በሌላው ቀን የእንግሊዝ ኳስ በሚታይባቸው የዲኤስቲቪ ቤቶች። እናም ዝም ብለን አናይም። እናወራለን፣ እንመልሳለን፣ እናርማለን፣ እንስቃለን። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ የተማረ ዘመድ ይህን ሲያይ ያፍራል። «ምናለ ለአንድ ሰዓት እንኳ ዝም ብላችሁ ብታዩ! ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማችሁም?» ይላል።

እኔ የምከራከረው ከዚህ ዘመድ ጋር ነው።

ክሱን አሳንሼ ላቅርበው አልልም፤ ክብደት አለው። ተዋናይ ለወራት ያጠናውን ንግግር ሊያደርስ ትንፋሹን ሲሰበስብ ከኋላ ወንበር የተለቀቀች አንዲት ፉጨት ድካሙን ሁሉ ልታፈርስበት ትችላለች። ቀረጻ ቢሆን «እንደገና» ይባላል፤ በቀጥታ ስርጭት እንደገና የለም። ደራሲውስ? ሰው ያዝንበታል ብሎ የጻፈው ትዕይንት በሳቅ ሲታጀብ ምን ይሰማዋል? ከዚያ ደግሞ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጸጥ ብሎ ማየት የሚወድ ሰው አለ፤ የጎረቤቱን አስተያየት ሊሰማ አልመጣም፤ የእሱን መብት ማን ያስከብርለት? ጥበብ ትኩረት ትጠይቃለች፣ ትኩረት ደግሞ ዝምታን። በሠለጠነው ዓለም ተመልካች መጋረጃ እስኪዘጋ ታግሦ ከዚያ በኋላ ያጨበጭባል። ክሱ ይኸው ነው። ከዚህ አሳምሮ ያቀረበው አላጋጠመኝም።

ከመጨረሻው ልነሣ፤ የቀሩት ሁሉ የተደገፉት በእሱ ነውና። ለመሆኑ ይህ «የሠለጠነው ዓለም» ዝም ያለው መቼ ነው? የሼክስፒር ተውኔቶች በለንደን ሲታዩ ከመድረኩ ሥር መሬት ላይ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየጮኸ ነበር የሚያየው። እኛ «ሀምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ በአክብሮት እናያለን፤ መጀመሪያ ሲቀርቡ ግን በፊታቸው የነበረው ሕዝብ ጨዋ አልነበረም። በፓሪስ ኦፔራ ለማጨብጨብና ለማልቀስ ገንዘብ የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1830 የቪክቶር ሁጎ «ኤርናኒ» ሲታይ ደጋፊና ተቃዋሚ አዳራሹ ውስጥ ተጯጩሆ ሊደባደብ ምንም አልቀረውም። ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ዓይኑን መድረክ ላይ ብቻ እንዲተክል ያደረገው ልማድ የገነነው ጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1876 ባይሮይት ላይ የራሱን ቲያትር ቤት ከከፈተ ወዲህ ነው። እንግዲህ እንደ ዘላለማዊ የሥልጣኔ ሕግ የሚሰበክልን ነገር ዕድሜው መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። የአውሮፓ ሀብታም በአንድ ወቅት የያዘው ልማድ ነው እንጂ የጥበብ ባሕርይ አይደለም።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ የባሰ ይመሰክርባቸዋል። አሜሪካኖች ሙሉ ሙዚቃዊ ቲያትር በቀጥታ ማስተላለፍ የጀመሩት ገና በቴሌቪዥን ልጅነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1957 ጁሊ አንድሪውስ የሠራችበትን «ሲንደሬላ» ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ይነገራል። ከዚያ ልማዱ ለብዙ ዓመታት ተዳከመና እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2013 ኤንቢሲ «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ»ን በቀጥታ አቀረበ። ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አየው። ስቱዲዮው ውስጥ ግን ታዳሚ አልነበረም። ዘፋኟ ዜማዋን ጨርሳ ስትቆም የሚከተላት ጸጥታ ብቻ ነበር። የእኛ ከሳሾች የሚመኙት ፍጹም አዳራሽ ይህ አይደለም እንዴ? ፉጨት የለ፣ እልልታ የለ፣ «ይደገም» የለ። ውጤቱስ? ያ ጸጥታ ራሱ መተቻ ሆነ። ተመልካቹም በየቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት እየተቀባበለ፣ እየሳቀ፣ እየተሳለቀ አየው፤ አዳራሹ ውስጥ የተነፈገውን ቦታ ውጭ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎክስ «ግሪስ»ን ሲያቀርብ ታዳሚ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱ ኤንቢሲ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር»ን ከብሩክሊን ሲያስተላልፍ አዳራሹ ከመድረኩ እኩል ጮኸ። «በዛ» ያሉም ነበሩ። ዝግጅቱ ግን የኤሚ ሽልማት ይዞ ሄደ። «ከእነሱ ተማሩ» የምንባልላቸው ሰዎች ዝምታን ሞክረው ጥለውታል፤ እኛ ገና ልንገዛው ነው።

«እኛ እነሱን አይደለንም፤ ከራሳችን ታሪክ እንነሣ» የሚል ካለ ደስ ይለኛል። እንነሣ። በሩሲያ የተማሩትና የአውሮፓን ቲያትር ያዩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአዲስ አበባ «ቲያትር» ተብሎ ለመኳንንቱ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ መሆኑ ስላላስደሰታቸው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው በቴራስ ሆቴል አሳዩ። ተመልካቾቹ የአገሪቱ ታላላቆች ነበሩ፤ ወንበር ይዞ መቀመጥን ማንም አላስተማራቸውም። ለዚህ ሥራ የተሰጠው ትልቁ ምላሽ የኋላ ወንበር ፉጨት አልነበረም፤ የቤተ መንግሥት እገዳ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቲያትር ተከለከለ። የአገራችንን ዘመናዊ ቲያትር ገና በጨቅላነቱ ያሰናከለው ባለጌ ተመልካች ሳይሆን እጅግ የተከበረው ተመልካች ነው። የሚያፏጭ ሰው ቢያንስ ቀጣዩን ትዕይንት ለማየት ይቀመጣል።

ሀገር ፍቅርስ? በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን በድንበር ላይ ሲያንዣብብ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለአገሩ ለማነሣሣት የተቋቋመ ማኅበር ነው። ለጦርነት የሚነሣሣ ሕዝብ እጁን አጣምሮ መጋረጃ እስኪዘጋ ይጠብቅ ነበር? በኋላም ዘመን የሀገር ፍቅር መድረክ ዘፈኑንና ድራማውን በአንድ ምሽት ሲያቀርብ የኖረ ነው። ያ መድረክ ያሳደጋቸው ድምፃውያን በእልልታና በ«ይደገም» ተጠርተው ነው ስም ያወጡት። አዝማሪውንማ ተዉት፤ እሱ ራሱ ነው ከተመልካቹ ግጥም የሚቀበለው። ሰውየው ከወንበሩ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ያዜመዋል፣ ቤቱ ይስቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ከዚህ ቤት የወጣ ሕዝብ ነው እንግዲህ «መድረክ ላይ ያለው ይናገር፣ አንተ ስማ» የሚባለው።

ዝምታንና ጭብጨባን በልክ የሚያውቅ ተመልካች የነበረን ጊዜም አለ፤ አልክድም። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። ሕዝቡ ተሰልፎ ይገባል፤ በሚጨበጨብበት ቦታ ያጨበጭባል፤ መፈክር ሲባል ግራ እጁን ያነሣል። ማንም ያለ ቦታው አላፏጨም። ማንም ያለ ቦታው አልሳቀም። ያን አዳራሽ ነው የምትናፍቁት? ዛሬም በአንዳንድ የበዓል ቀረጻ ላይ ከካሜራው ጎን ቆሞ እጁን እያነሣ «አሁን ጭብጨባ!» የሚል ሰው አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው የተስተካከለ ደስታ የእሱ ሥራ ነው። ተመልካቹ ራሱ ደስ ብሎት ሲጮህ ነውር፣ ሲታዘዝ ጨዋነት!

አሁን ወደ ፎንቆ ልመለስ፤ ነገሩ የሚከረው እዚህ ነውና።

የበዓል ቀን አንድ ሳሎን ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ተቀምጧል እንበል። የበዓሉ ምግብ አታካና ተበልቷል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ተከፍቷል። መድረኩ ላይ የሚባለው ሁሉ በአማርኛ ነው። አያትየዋ አማርኛ የሚያውቁት ገበያ የሚያደርሳቸውን ያህል ነው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ በጨረሰ ቁጥር የልጅ ልጃቸው ወደ ጆሯቸው ዞሮ በሀድይሳ ይነግራቸዋል። አክስቱ «አይደለም፣ እንዲህ ነው ያለው» ብላ ታርመዋለች። ሦስተኛው ሰው ይገባበታል። አያትየዋ ይሰሙና ይጠይቃሉ፦ «አባቱ ሞቶበት የለም እንዴ? ታዲያ ይሄ የለቅሶ ዜማ ነው? እኔስ የሠርግ ይመስለኛል!» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ መድረኩ ላይ ግን ሰውየው እያለቀሰ ነው።

የከተማው ዘመድ በዚህ ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። «አዩ፤ ሰው ሞቶ ይስቃሉ» ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ በዚያ ምሽት በአገሪቱ ውስጥ ከተሰጡት የሙዚቃ ሂሶች ሁሉ የሚበልጠው የአያትየዋ ነው። ሀዘን በተባለ ቦታ የደስታ ምት መግባቱን አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ አቀናባሪ አላስተዋለውም፤ የዝግጅቱ ኃላፊ አላስተዋለውም፤ አንድ ጊዜ ሰምተው ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ በሚያውቅ፣ ሙሾ በሚያውቅ፣ ለሟቹ ዕድሜና ክብር የሚስማማውን ዜማ ለይቶ በሚያወርድ ሕዝብ መሀል ያረጁ ሴት ናቸው። ዝም ቢሉ ማን ይጠቀማል?

ደግሞም ያ «ጫጫታ» የተባለው ነገር ግማሹ ትርጉም ነው። ዝም ብላችሁ እዩ የሚለው ሕግ አንድ ነገር ሳይናገር ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ተመልካች የመድረኩን ቋንቋ አፉን እንደፈታበት ቋንቋ ያውቃል ብሎ ያስባል። ለቦሌው ሰው ዝምታ የመስማት ዕድል ይሆንለት ይሆናል። ለፎንቆዋ አያት ዝምታ ማለት መስማት ማቆም ነው። የልጅ ልጃቸው አፉን በዘጋ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ለእሳቸው መብራት ብቻ ይሆናል። በሀድይሳ፣ በከምባትኛ፣ በስልጥኛ እየተተረጎመ የሚታይ የአማርኛ ድራማ ጸጥ ብሎ ሊታይ አይችልም። ከዚህ ከተማ ጸጥታ የሚፈልግ ጣቢያ አስቀድሞ የጽሑፍ ትርጉም ከሥሩ ያስገባ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ከዚህ የሚከተለው ክስ ይበልጥ ያናድደኛል። በበዓል ዝግጅት መሀል የደቡብ ቅኝት የሚባል ነገር ይመጣል፤ ወላይታው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ጋሞው ተጣድፎ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ቤቱ ያኔ ይነሣል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ከዚያ ወዲያው አንዱ ይጮሃል፦ «ኧረ ይሄ የኛ አይደለም! ትከሻው እንደዚያ አይደለም! ልብሱን ከየት አመጡት?» የከተማው ዘመድ «የራሳቸው ሲመጣ ብቻ ነው የሚነቁት፤ ጎጠኝነት ነው» ይላል። ምኑ ነው ጎጠኝነቱ? የራሱን ውዝዋዜ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በሐሰት ሲቀርብለት «ሐሰት ነው» ማለቱ ነው? የጣሊያን ኦፔራ የሚያይ አዋቂ ዘፋኙ አንድ ድምፅ ሲስት ፊቱን ቢያጨማድድ «ሊቅ» ይባላል፤ የፎንቆ ገበሬ የትከሻውን አወራረድ ሲያርም «ያልተማረ»። ልዩነቱ ዕውቀት ላይ አይደለም። ማን እንዲናገር ተፈቅዶለታል የሚለው ላይ ነው።

እዚህ አካባቢ ያደገ ሰው ዝም ብሎ ማየትን ከየት ይማር? በቃለ ሕይወትም በመካነ ኢየሱስም አጥቢያ መዘምራን ሲቆሙ ጉባኤው «አሜን» እያለ፣ እልል እያለ፣ እጁን እያነሣ ይመልሳል፤ ምላሽ ያጣ መዝሙር ያልደረሰ መዝሙር ነው። በኦርቶዶክሱም ቢሆን ወረብ ሲወረብ ሕዝቡ በጭብጨባና በእልልታ ይገባበታል። በመስከረም የሀዲያ በዓል ያሆዴ ሲከበር ሆሳዕና ከተማ ሀዲያ ነፈራ ላይ ከተሰበሰበው ሕዝብ ውስጥ ተመልካቹ የቱ፣ ተዋናዩ የቱ ነው? አቀንቃኙ ያወርዳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ የሚቀበል ከሌለ ዘፈኑ የለም። የከምባታ መሳላም እንዲሁ ነው። ካሜራው ይህንን በቀጥታ ሲያስተላልፍ ጋዜጠኛው ምን ይላል? «ድንቅ ባህላችን!» ይላል። ያው ሕዝብ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ጉሮሮ፣ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ሲመልስ ግን «ባህል የለሽ» ይሆናል። ሜዳ ላይ ቅርስ፣ ጣሪያ ሥር ነውር። የጣሪያው ሥራ ዝናብ ማገድ ነበር።

አንድ ሌላ የሚያስቀኝ ነገር አለ። በፋና ላምሮትና በመሰል የቀጥታ የዘፈን ውድድሮች ላይ ይኸው ተመልካች «በአጭር የጽሑፍ መልእክት ድምፅ ይስጡ» እየተባለ ይለመናል። ማን የተሻለ እንደዘፈነ ይለያል ተብሎ ይታመናል ማለት ነው። በጣቱ ሲፈርድ ዳኛ፣ በአፉ ሲፈርድ መሃይም ሊሆን አይችልም።

እሺ፣ በሀዘን ቦታ የሚስቀውስ? ይህን ክስ ከሌሎቹ ለይቼ በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ እውነትነት አለውና። መድረክ ላይ ባል ሚስቱን በጥፊ ሲመታ አዳራሹ ሲስቅ የሰማ ሰው ይህን ሳቅ ቶሎ አይረሳውም። ግን ሳቁ ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ። መጀመሪያ፣ ያንኑ ተዋናይ ሰው ለዓመታት ያየው በኮሜዲ ነው፤ ሲወድቅ፣ ሲመታ፣ ሲዋረድ ሳቁ ተብሎ ተምሯል፤ ትምህርቱን የሰጡት ደግሞ ዛሬ የሚያማርሩት አዘጋጆች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሰው ሲጨንቀውም ይስቃል፤ የገዛ ቤቱን መድረክ ላይ ያየ ሰው አጠገቡ ሚስቱ ተቀምጣ ምን ያድርግ? ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ ያ ሳቅ ስለ እኛ እውነቱን ይናገራል። ጥፊ የሚያስቀው አዳራሽ ካለን ችግሩ ከአዳራሹ ውጭ ነው ያለው፤ ደራሲውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ሰባኪውም ሊያውቀው ይገባል። ዝም ማሰኘት ሳቁን ያጠፋዋል እንጂ ሳቂውን አይለውጠውም። በፊቱ ሳያሳይ፣ በልቡ እየሳቀ፣ ተጨብጭቦ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደራሲውም «ሥራዬ ሰውን ነካ» ብሎ ይተኛል። እኔ ደራሲ ብሆን ሳቁን ሰምቼ እንቅልፍ ማጣቱን እመርጣለሁ።

የድምፅ ነገር አጭር ነው። «ጩኸቱ የተዋናዩን ቃል ይውጠዋል» ይላሉ። ተዋናዩ የራሱ ሽቦ አልባ ማይክሮፎን አለው፤ የአዳራሹ ድምፅ በሌላ ማይክሮፎን ይገባል፤ የድምፅ ባለሙያው የሁለቱም መቆጣጠሪያ በእጁ ነው። ሠላሳ ሺህ ሰው በሚያጓራበት ስታዲየም የኮሜንታተሩ ቃል አንድ በአንድ ይሰማ የለም? የዲኤስቲቪ ቤቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት የአውሮፓ ስታዲየሞች ባዶ ሲሆኑ አሰራጮቹ ምን አደረጉ? የሰው ጩኸት ከኮምፒውተር ጨዋታ ሳይቀር አምጥተው በስርጭቱ ላይ ጨመሩ። ባዶው ጸጥታ ጨዋታውን ልምምድ አስመስሎት ነበርና። የተመልካች ድምፅ ሲጠፋ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ከሆነ፣ በነጻ ሲመጣ ለምን ይጠላል?

ጸጥ ብሎ ማየት ለሚወደው ሰው ክብር አለኝ፤ መብትም አለው። ግን ጠላቱን አሳስተን አናሳየው። ድራማው እየሄደ ስልክ አንሥቶ «እዚህ አዳራሽ ነኝ፣ ቆይቼ እደውላለሁ» የሚለው ሰው፣ የስልኩን መብራት ፊቴ ላይ የሚያበራው፣ ሞቅ ብሎት ተዋናይቷን ስለ ገላዋ የሚሰድበው፣ እነዚህን ከአዳራሽ ብታስወጧቸው በር እከፍትላችኋለሁ። እነሱ ለመድረኩ ምላሽ እየሰጡ አይደለም፤ መድረኩን ጥለው ሄደዋል። እልል ያለችው ሴት፣ «አታምነው፣ ውሸቱን ነው!» ብሎ ለተከዳው ገጸ ባሕርይ የጮኸው ወጣት ግን ታሪኩ ውስጥ ናቸው፤ ከማንም በላይ። ሁለቱን በአንድ ስም «ረባሽ» ብሎ መጥራት ስንፍና ነው።

ትኩረት ዝምታን ይጠይቃል ለሚለውም መልስ አለኝ። በፎንቆ የዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ ሲንጫጫ ያመሸ ሕዝብ፣ መድረኩ ላይ ያለችው እናት መርዶ ስትሰማ በአንዴ ጸጥ ሲል አይቻለሁ። ማንም ዝም በሉ አላለም። ያ ዝምታ ዋጋ ያለው መጮህ ይችል የነበረ ሕዝብ ራሱ ስለሰጠው ነው። ተዋናይዋ ብትሰማው ከማንኛውም ጭብጨባ አብልጣ ትቆጥረው ነበር። መጀመሪያውኑ ዝም በል ተብሎ የተቀመጠ አዳራሽ ግን ይህን ሊሰጣት አይችልም፤ አዝኖ ይሁን አንቀላፍቶ ማን ያውቃል? ዝም አይነቅዝም ይባል ይሆናል፤ ዝም የተባለ አዳራሽ ግን ይነቅዛል፤ ተዋናዩ የቱ ላይ እንደሳተ፣ ደራሲው የቱ ላይ እንዳሰለቸ፣ አቀናባሪው የቱ ላይ ሠርግና ለቅሶ እንዳምታታ የሚነግረው ያጣል። እንዲህ ያለ መድረክ በየዓመቱ ያንኑ ዝግጅት በአዲስ ልብስ ያቀርባል። በየዓመቱስ ያንኑ እያየን አይደለም?

ስለዚህ ለከተማው ዘመዴ የምለው ይህን ነው፦ ለማየት ያልተማርነው እኛ አይደለንም። እኛ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በጉባኤ፣ በያሆዴ ተምረን ነው የመጣነው። ለመታየት ያልተማረው መድረኩ ነው፤ ተመልካች ይመልስልኛል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ሲመለስለት ይደነግጣል። ለአዘጋጆቹ ደግሞ፦ ከካሜራው ጎን ያቆማችሁትን አጨብጫቢ አሰናብቱት። የሀዲያን ውዝዋዜ በጥቂት ደቂቃ ከማሳለፋችሁ በፊት ትከሻውን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ጥሩ። አማርኛ የማይሰሙ አያቶችን አስቡ። በሚቀጥለው መስከረም ከሆሳዕና በቀጥታ ስታስተላልፉም የአዳራሹን ማይክሮፎን ክፈቱት። ዘፋኙ ከተሳሳተ ፎንቆ ያርመዋል።